ለጥምቀት ከገጠር የሚመጡ እንግዶችን ስለ መቀበል፦ ምን ይዘጋጅ? ምንስ ይበላሻል?

የጽዋ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጎንደር ከተማ በቀሃ በኩል ያለው የጽዋ ማኅበራችን ዘንድሮ ከወገራ፣ ከደንቢያና ከበለሳ ለሚመጡ 30 ያህል የጥምቀት እንግዶች ሦስት ግቢ ሊከፍት ወስኗል። ጥር 9 ማታ ይገባሉ፣ ጥር 12 ሚካኤልን ሸኝተው ይሄዳሉ። ዘመዶቻችን አይደሉም፤ አብዛኞቹን አናውቃቸውም።

ማኅበሩ ላይ ሁለት ሐሳብ ተነሥቷል። አንዱ ወገን «ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ በር ላይ ተጣርቶ ይግባ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ አይጣራም» ይላል። ከዚህ ሌላ የምግቡ፣ የመኝታውና የውሃው ነገር አለ። የምታውቁ በቁጥር ጻፉልን። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ አትበሉን፣ እሱንስ እናምናለን።

ዲያቆን ዘአራዳ
ስለ በሩ ብቻ ልጻፍ፤ ስለ ወጡ ባለሙያዎቹ ይጻፉ።

ሉቃስ 15ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የጠፋው ልጅ ለአባቱ የሚናገረውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር፤ መጨረሻው «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነው፣ ቁጥር 19። አባቱ ግን ገና ሩቅ ሳለ አየው፣ ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ልጁ አፉን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥር 21 ላይ ስትደርሱ ያቺ የመጨረሻዋ ልመና የለችም፤ አባቱ ልብሱን፣ ቀለበቱንና ጫማውን አምጡ እያለ ነው። እግዚአብሔር እኛን የተቀበለን በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ እቅፉ ቀደመ፣ ጥያቄው ዘገየ። እኛ በር ላይ ቆመን ጥያቄውን ካስቀደምን የተቀበልነውን ፍቅር ገልብጠን እየሰጠን ነው።

አብርሃምም እንዲሁ ነው። በቀትር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሦስቱን ሰዎች ሲያይ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ስማቸውን አልጠየቀም፣ «ጥቂት ውኃ ይምጣላችሁ፥ እግራችሁን ታጠቡ» ነው ያለው። አበው እንደሚያስተምሩን ሰይጣን መንገዱን ዘግቶበት እንግዳ ባጣ ጊዜ ሦስት ቀን ሳይበላ ቆየ። ሐምሌ 7 ቀን በደብረ ብርሃን ሥላሴ የምናከብረው ይኸው አብርሃም ሥላሴን በቤቱ የተቀበለበትን ነው።

ወደ ተግባሩ ስመጣ፣ እንግዳው «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል መልሱ አንድ ነው፦ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ»። ቀጥሎ አንድ ሰው ሸክሙን ይቀበላል፤ ሌላው ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዞ ይመጣል። ለእግር ማጠቢያ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፣ ለ30 ሰው 90 ሊትር መሆኑ ነው። ውሃው የፈላ አይሁን፤ በእግር የመጣ ሰው እግሩ ተልጦ ይሆናል። ሴቶችን ሴቶች ያጥቡ። «እኔ ራሴ ልታጠብ» ያለ ሰው ማንቆርቆሪያው ይሰጠው፤ ማስገደድ ክብር አይሆንም። ከዚያ ምግብ ይቀርባል፤ ስም የሚጠየቀው ከምግብ በኋላ ነው።

የሰፈር ጠባቂ
ዲያቆን፣ የጻፍከው ልክ ነው፤ ግን አሁን ባለው ሁኔታ ሠላሳ ፀጉረ ልውጥ ሰው በአንድ ሌሊት ሰፈር ውስጥ ሲገባ ጎረቤት ይደነግጣል። ከደነገጠ ደግሞ ችግሩ የሚያርፈው እንግዳው ላይ ነው። ለእንግዳው ስትሉ ሁለት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ ሰዎቹ ከመምጣታቸው ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ ለቀበሌው ስንት እንግዳ፣ በየትኛው ግቢ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያድር በጽሑፍ አሳውቁ። ኃላፊነቱን የሚወስዱ ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ስምና ስልክ ይኑርበት። እንግዳው በር ላይ የማይጠየቀው እናንተ አስቀድማችሁ ስለተጠየቃችሁለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከራት በኋላ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ስም፣ የመጣበት ወረዳና ቢጠፋ የሚደወልለት ዘመድ ስልክ ይጻፍ። ሁሉም ይጻፍ፣ ቄሱም፣ አዛውንቷም፣ ወጣቱም። ወጣቶቹን ብቻ ነጥሎ መመዝገብ ነው ሰው የሚያቆስለው። የምትጽፉበትን ምክንያትም ንገሯቸው፤ ከተራ ማታ በዚያ ሕዝብ መካከል ሽማግሌ ሲጠፋ ያ ደብተር ያስፈልጋል።

ዲያቆን ዘአራዳ
እስማማለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ብሔር አይጠየቅ፣ አይጻፍም። ሲበሉ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍም ይቅር። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለዚህ ነው፤ እንግዳውም በድህነቱ መታየት አይፈልግም።

ሌማት
እኔ ምግቡን ልያዝ። ልጆቼ፣ መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። ጥር 9 ራት፣ ጥር 10 አንድ ማዕድ፣ ጥር 11 ምሳና ራት፣ ጥር 12 ምሳ፦ አምስት ማዕድ ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው በአንድ ማዕድ 2 እንጀራ ይበላል። 30 ሰው በ2 በ5 ሲባዛ 300 እንጀራ ነው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋት 5 ወይም 6 እንጀራ ይወጣል፤ 60 ኪሎ ዱቄት ያዙ። ሁሉንም በአንዴ አትጋግሩ። ሲሞቅ የተደራረበ እንጀራ ይተፋፈግና በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ግማሹን ጥር 8 እና 9፣ ግማሹን ጥር 10 ጋግሩ፤ እየበረደ ይደርደር።

ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ጾም። ቅቤ የነካው ድስት እንኳ አይግባ፤ ለጾም የተለዩ ሁለት ድስቶች አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው። 1 ኪሎ ሽሮ 20 ሰው ይበቃል፤ ለ30 ሰው አንድ ተኩል ኪሎ በሉ። ለአንድ ኪሎ ሽሮ 5 ሊትር ያህል ውሃ፣ ከአንድ ኪሎ ያላነሰ ሽንኩርትና ግማሽ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። ሽሮውን ደረቁን የፈላ ውሃ ላይ አትበትኑት፣ ይጓጉላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩት። በአንድ ትልቅ ድስት ልሥራ የምትል ትኖራለች፤ አይሆንም። ድስቱ በተለቀ ቁጥር ማማሰያው ታች አይደርስም፣ ከሥር ይይዛል፣ የማረሩ ሽታ ወደ ላይ ወጥቶ ሁሉንም ያበላሻል። በሁለት መካከለኛ ድስት ይሠራ። የምስር ክክ ከሆነ 1 ኪሎ ለ10 ወይም ለ12 ሰው ነው።

ለጥር 11 በግ ይበቃል፣ ዶሮ ለዚህ ሰው ቁጥር ወጪው አይቻልም። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ከነአጥንቱ 10 ወይም 11 ኪሎ ሥጋ ይወጣዋል፤ ለ30 ሰው አንድ ማዕድ አንድ በግ ነው። እዚያው ጠዋት ይታረድ እንጂ ከተራ ዕለት ታርዶ አይደር።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ፣ ከፍትፍቱ ፊቱ መባሉን አትርሱ። የምታቀርበዋ ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስትጋግር አድራ ፊቷ ከከበደ እንግዳው ይሳቀቃል። የሚጋግሩትና የሚያቀርቡት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ።

ማራኪ
እማማ ሌማት፣ ገሃድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ ሲውልስ? ደግሞ ጥር 12 የተረፈውን ሥጋ መብላት ይቻላል?

ዲያቆን ዘአራዳ
ገሃድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲውል ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይጾማል እንጂ እስከ ማታ አይጦምም፤ ጠዋት የጾም ቁርስ ማቅረብ ትችላላችሁ። ጥምቀት ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል። የሚሳሳቱት ጥር 12 ላይ ነው፦ ቃና ዘገሊላ ዓርብ ወይም ረቡዕ ከዋለ ጾም ነው፣ እንደ ጥምቀት አይሻርም። ጥምቀት ሐሙስ ወይም ማክሰኞ በሚውልበት ዓመት ሥጋው በዕለቱ እንዲያልቅ አስቡ። ጥር 9ንም እንዲሁ ቀኑን እዩት።

የጤና ባለሙያ ጎንደር
ሦስት ነገር፣ የመጀመሪያው ሕይወት የሚያጠፋው ስለሆነ አስቀድመዋለሁ።

የጥር ሌሊት ጎንደር ላይ ይበርዳል። ለእንግዳው አዝነው፣ እንዳይበርደው ብለው የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል የሚያስገቡ ደጎች አሉ። እባካችሁ፣ አይግባ። የፋመ ከሰል ጭስ ባይታይበትም መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» የሚለው አባባል ነው ሰው የሚገድለው። ክፍሉን ማሞቅ ካስፈለገ ከመተኛታቸው በፊት አሙቁና ምድጃውን አውጡ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ደርቡ።

ሁለተኛ ውሃ። ለመጠጥ፣ ለመታጠቢያና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያዙ። ለ30 ሰው 450 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 23 ጀሪካን ነው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጥር 8 ላይ ሁሉም ዕቃ ሞልቶ ይደር። የመጠጡን ለይታችሁ አፍሉት ወይም በውሃ አጋር አክሙት፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትቅዱ። ከመጠጡ ጀሪካን በጣሳ እየጠለቁ መቅዳት ያከማችሁትን ሁሉ ያበላሻል፤ ክዳን ያለውና ቧንቧ የተገጠመለት ይሁን።

መጸዳጃ ለ20 ሰው ቢያንስ አንድ ያስፈልጋል። ማታ መብራት፣ በር ላይ ውሃና ሳሙና ይኑር። ሴቶችና አዛውንቶች ጨለማ ፈርተው ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ፣ ያኔ ነው የሚታመሙት።

እግሩ ውሃ የቋጠረ ሰው ካለ የቋጠረው አይፈንዳ፤ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ጠበል ሊጠመቅ የመጣ ሕመምተኛ ካለ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ በእርጋታ ንገሩት፣ ሕመሙን ግን በሰው ፊት አትጠይቁት። ብዙ የሚያስል እንግዳ መስኮት ያለው ክፍል ይስጡት።

ሌማት
ልጄ፣ ከሰሉን ስለጻፍሽልን እግዚአብሔር ያክብርሽ። በየግቢው በር ላይ ይለጠፍ።

ቅዳሜ ገበያ
በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ሳሎን፣ ሌሎቹ ዳስ ውስጥ ይበላሉ መባሉን ሰምቻለሁ። ይህ ነገር ልክ አይመስለኝም። ያዕቆብ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካሙን ስፍራ፣ ለድኻው «ከእግሬ መረገጫ በታች ተቀመጥ» ያሉትን ሲገሥጽ የተናገረው ስለ እንዲህ ዓይነት አቀማመጥ ነው።

የጽዋ ጸሐፊ
ወንድሜ፣ ካህኑን ማክበር እኮ የአገሩ ወግ ነው። ካህን ሳይባርክ ማን ይቆርሳል? ሳሎኑ ደግሞ 12 ሰው ነው የሚይዘው።

ቅዳሜ ገበያ
ካህኑ ይከበሩ፤ ዳሱ ውስጥ ይባርኩ፣ እዚያው ይቀመጡ። ሳሎኑን ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ስጡት። ችግሩ ክፍሉ አይደለም፣ ሳህኑ ነው። ሁለት ክፍል ሲኖር ሁለት ዓይነት ወጥ ይመጣል፤ ሥጋው ሳሎን፣ መረቁ ዳስ። አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋ፣ አንድ ዓይነት ጠላ ከሆነ ማንም የትም ቢቀመጥ አይከፋውም።

ዲያቆን ዘአራዳ
በዚህ ከቅዳሜ ገበያ ጋር ነኝ። አብርሃም እንግዶቹ ሲበሉ ከዛፉ በታች በፊታቸው ቆሞ ነበር ይላል። የቤቱ ጌታ እሱ ነው፣ የቆመውም እሱ ነው።

ወለተ ጎንደር
«በሞቴ» ስለሚባለው ነገር ማንም አላነሣም። እኛ ጎንደሬዎች ስንወድ እናስጨንቃለን። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው 18 ሰዓት ከምግብ ይከለከላል፤ ከተራ ማታ «አንዲት ጉርሻ፣ በሞቴ» ስትሉት ወይ ጾሙን ያፈርሳል ወይ ሊቆርብ እንደሆነ በሰው ፊት ለመናገር ይገደዳል። ስኳር ያለበትም ሰው ጣፋጩን፣ ጨጓራ ያለበትም በርበሬውን እንቢ ማለት ያሳፍረዋል። ሁለት ጊዜ ጋብዙ፣ በሁለተኛው «በቃኝ» ካለ ይብቃው። የቆራቢዎች ድርሻ በክዳን ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ምግብ አልቆ የሚያገኙት እነሱ ናቸው።

ጌሾ
ጠላው ቀን አይበልጠው። በጎንደር የጥር አየር ከጥንስስ እስከ መጥለል ከ10 እስከ 12 ቀን ይወስዳል፤ ጥር 11 እንዲደርስ ታኅሣሥ 29 ወይም 30 ይጠንሰስ። ዕቃው በግራዋ ታሽቶ ይታጠብ፣ በወይራ ይታጠን፣ ክዳኑ በደንብ ይታሸግ። አየር ከገባው ይሆመጥጣል፤ ሳይጠል ከተቀዳ ደግሞ ሆድ ይነፋል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሊትር ብትሉ ለሁለት ቀን 60 ሊትር ነው። ለአዛውንቶችና ለደካሞች ቅራሪው ይለይላቸው። አረቄ ግን አይቅረብ፣ ሌሊት በብርድ ውጭ ለሚያድር ሰው አይሆንም።

የአዲስ ዓለም ልጅ
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ውይይቱን ስከታተል ቆይቼ ነው። በብዙ ሰፈር ጎረቤቶቻችሁ እኛ ነን፤ ለእንግዳ ክፍልም ውሃም እንሰጣለን። ስትጠሩን የምንቸገርበትን ልንገራችሁ፦ ሥጋ በገባበት ጭልፋ ሽሮ ሲቀዳልን ነው። ከጾም ወጡ አስቀድማችሁ በተለየ ድስት አስቀሩልን፣ ሻይ ወይም ለስላሳ ይበቃናል። ያን ካደረጋችሁ በደስታ እንመጣለን። ብርድ ልብስ ከጎደላችሁም ጠይቁን።

የጽዋ ጸሐፊ
አላህ ይስጥልን ወንድሜ። ጉድለቱ በእርግጥ እሱ ነው፤ ያለን 14 ጋቢ ነው።

ዘበአታ
በዚያ ሁሉ ግርግር የቆሎ ተማሪውን እንዳትረሱት። ጎንደር በአታ ለማርያም የአቋቋም (የማኅሌት ዝማሜ) ትምህርት ማስመስከሪያ እንደመሆኗ በከተማው ዙሪያ ተማሪ ብዙ ነው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቤቱ በእንግዳ ስለተሞላ «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ይሸኛል። እሱም እንግዳ ነው፣ ከአገሩ ርቆ ነው የሚማረው።

ስትሰጡት ደረቅ እንጀራ ስጡት። ወጥ የነካው በኮሮጆው ውስጥ በአንድ ቀን ይበላሻል፣ ደረቁ ግን ድርቆሽ ሆኖ ብዙ ይቆያል። የለመነውን ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚካፈለው፣ ስለዚህ በጾም ቀን ቅቤ የነካው እንጀራ ከገባ የሁሉም ይበላሻል። ውሻችሁንም እሰሩ፤ ተማሪ በትሩን የሚይዘው ወዶ አይደለም።

የሰፈር ጠባቂ
ለከተራ ሌሊት። ታቦታቱ ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፣ ብዙው እንግዳ እዚያው ያድራል። ግማሹ ግን በብርድ ተሸንፎ በሌሊት ይመለሳል፤ በሩ ላይ ሦስት ሰዎች በፈረቃ ይቁሙ፣ ቆልፎ የሚተኛ አይኑር። ሁሉም ነጭ ስለሚለብስ መለየት ያስቸግራል። የእናንተ እንግዶች በነጠላቸው ጫፍ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር ይቋጠርላቸው፤ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስልክና የግቢው ምልክት ተጽፎ በእያንዳንዱ ኪስ ይግባ። ማንበብ የማይችልም ቢሆን ለሚያገኘው ሰው ያሳየዋል። ጠዋት ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ሲዘል ልጅ የያዙ ሰዎች ከግድግዳው ጫፍ ይራቁ፤ አደጋው ከውሃው ይልቅ ከኋላ የሚገፋው ሕዝብ ነው።

ማራኪ
ሲሄዱስ ስንቅ ምን ይያዝላቸው?

ሌማት
ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ቆሎ፣ ገብሱና ሽንብራው ተቀላቅሎ፤ ለ30 ሰው 15 ኪሎ። ተቆልቶ ሳይበርድ ፌስታል ውስጥ ከገባ ይልማል፣ አንድ ሌሊት በሰፌድ ይደር። ሕፃን ለያዘች በሶ ጨምሩላት።

የአዲስ ዓለም ልጅ
ከሰፈሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ 16 ብርድ ልብስ ጥር 8 ከሰዓት በኋላ እናደርሳለን። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ነው የሚመጡት። ሲመለሱም ከመታጠፋቸው በፊት እንዲሁ ፀሐይ ላይ አውሏቸው፣ ትኋን በስፌቱ ውስጥ ነው የሚደበቀው። ጠርዛቸው ላይ አረንጓዴ ክር አለ፣ ከእናንተ ጋቢ እንዳይቀላቀል።